ጣና ላይ ከታንኳና ከካያክ ወፍ ፎቶ ማንሣት፦ ከጎንደር ለሚነሣ

መተዳደሪያዬ የሠርግ ፎቶ ነው። በጥር ከፋሲል መዋኛ እስከ አዳራሽ ድረስ ከሙሽሮች ኋላ ስሮጥ እከርማለሁ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሠርግ ስለማይኖር እኔም ካሜራዬም ሥራ እንፈታለን። ወፍ ማንሣት የጀመርሁት በዚያ ሥራ ፈት ወቅት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ወደብ በሆነችው በጎርጎራ ዳርቻ ላይ ቆሜ ሁለት ሺህ ያህል ፎቶ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ስመለከታቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም የወፍ ጀርባ ነበሩ። ትልቅ ሌንስ ቢኖረኝ ነው ብዬ ተበድሬ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ የወፍ ጀርባ በትልቁ ማንሣት ቻልሁ።

ነገሩ የተቃናልኝ ታንኳ ላይ ስወጣ ነው። የብስ ላይ የቆመ ሰው ለወፍ ረጅምና ቀጥ ያለ ጠላት ነው። ውኃ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ቁመቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ እግሩም አይታይም። በዚያ ላይ ዓይናችሁ ከወፉ ዓይን ጋር ስለሚስተካከል ፎቶው ከላይ ወደ ታች የታየ ሳይሆን ፊት ለፊት የተገናኛችሁበት ይመስላል፤ ከበስተኋላ ያለው ውኃም ርቆ ስለሚደበዝዝ ወፉ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ይህን ከየብስ ለማግኘት ጭቃ ላይ በደረት መተኛት ያስፈልጋል። ሞክሬዋለሁ፤ አልመክርም።

የመጀመሪያ ቀን የቀዘፉልኝ ሽማግሌ፣ ካሜራዬን ባነሣሁ ቁጥር ሳቢሳዎቹ እየበረሩ ሲያስቸግሩኝ አይተው «ልጄ፣ ወፉ አንተን አይደለም እኮ የሚፈራ፤ ክንድህን ነው» አሉኝ። ይህ መመሪያ ከሞላ ጎደል የዚያች ንግግር ማብራሪያ ነው።

ቀኑንና ቦታውን መምረጥ

ጎርጎራ ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ዘለል ይላል። ሌሊት ተነሥቼ ለንጋት እደርሳለሁ አትበሉ። መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ከዚያ በቀን ገብታችሁ እደሩ። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን አረጋግጡ፤ ጎርጎራ ያለችበት ደምቢያ ወባ ያለበት አገር ነው። የጥምቀትን ሳምንት ጭራሽ ተዉት፤ ያን ሰሞን ጎንደር ውስጥ መኪናም ትዕግሥትም አይገኝም።

ፀሐይ በጥር ወደ 12፡50፣ በመጋቢት ወደ 12፡35 ገደማ ትወጣለች። ለፎቶ የሚሆነው ብርሃን ከዚያ ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ እየወጣች ስትሄድ የወፉ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱም ርቆ ያለውን ነገር ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው የሌንስ ጉድለት ይመስለዋል። አይደለም፤ አየሩ ነው፤ በምንም ሌንስ አይስተካከልም።

የነፋሱን ነገር ልብ በሉ። በዚህ በሰሜኑ ዳርቻ ጠዋት ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ቀስ ያለ ነፋስ ይኖራል። መሬት ከውኃ ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይገለበጥና ከሐይቁ ወደ የብስ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማለዳ ላይ መቅዘፊያችሁን አስቀምጣችሁ በካሜራው ስትመሰጡ ነፋሱ ሳይታወቃችሁ ከዳር ያርቃችኋል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ማዶው ባሕር ዳር ነው።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቢሆን ይመረጣል። ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ የሚሸሹት ስደተኛ ወፎች የሚከርሙት በዚህ ጊዜ ነው። ከየካቲት ወዲህ ሐይቁ እየሸሸ ስለሚሄድ ገበሬው ባሕር ሸሹን ሲያርስ፣ እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች ደግሞ አዲስ የተገለጠውን ጭቃ ሲቆፍሩ ታገኛላችሁ። በክረምት ግን ውኃው ደፍርሶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ማዕበሉ ሳይታሰብ ስለሚነሣ ጀልባውን ለባለቤቱ ተዉለት።

ለመጀመሪያ ቀን ከወደቡ ዙሪያ ካሉት ጸጥ ያሉ የውኃ ጥጎች አትራቁ። ከደብረ ሲና ማርያም አካባቢ ያሉት ትልልቅ ዛፎች የዓሣ ንስር የሚያርፍባቸው ናቸው። የመገጭ ወንዝ የጎንደርን አፈር ይዞ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ የወፍ ሀብታም ነው፤ ነገር ግን ጉማሬም እንቦጭም አለበት። እዚያ የምትሄዱት ቦታውን ከሚያውቅ ቀዛፊ ጋር ብቻ ነው።

ታንኳ ወይስ ካያክ

ካያክ የሚሉት አንድ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፈው ጠባብ ጀልባ ነው። ሁለቱንም ሞክሬአለሁ፤ ለጀማሪ የምመክረው ታንኳ ነው። የጣና ወፎች በደንገል ታንኳ መካከል ተፈልፍለው በታንኳ መካከል ያረጁ ናቸው፤ ሲያዩት አንገታቸውን እንኳ አያቀኑም። ሁለተኛው ጥቅም እጃችሁ ነጻ መሆኑ ነው፤ እናንተ ካሜራውን ትይዛላችሁ፣ ባለታንኳው የቀርከሃ መቅዘፊያውን ይይዛል። ጉዳቱ መርጠብ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ለዚህም ነው ባለቤቶቹ በየጊዜው ዳር አውጥተው አቁመው የሚያደርቁት። የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ተጨማሪ የደንገል እሥር እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፤ በላዩ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ።

ዋጋ ስትነጋገሩ የምትከራዩት መንገድ ሳይሆን ጊዜ መሆኑን ከመጀመሪያው አስረዱ። ባለታንኳ ሰው ማሻገር የለመደ ነው፤ አንድ ቦታ ለሁለት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥን እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ አንዳንዱም እናንተን ደስ ለማሰኘት ብሎ ወፉ መካከል ቀዝፎ ሊያስገባችሁ ይሞክራል። «ግማሽ ቀን፣ መቆሚያውን ጨምሮ» ብላችሁ ተስማሙ። በጾም ወራት ደግሞ የዓሣ ገበያ ስለሚደራ ቀደም ብላችሁ ካልያዛችሁት ሁሉም መረብ ላይ ነው።

ካያክ ያለው ሰው ነጻነቱ ይበልጣል። የእኔው በአየር የሚነፋ ነው፤ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። በየሚኒባሱ የትርፍ ዕቃ እየተከፈለበት ከእኔ እኩል ጎርጎራን ያውቃል። ቀለሙ ብርቱካናማ ስለነበረ አመድማ ጨርቅ አለበስሁት። ብቻችሁን የምትቀዝፉ ከሆነ ሦስት ነገር ሳታዘጋጁ ውኃ አትግቡ።

የመጀመሪያው መቅዘፊያውን በሁለት ክንድ ሲባጎ ከካያኩ ጋር ማሰር ነው። ካሜራ የያዘ ሰው መቅዘፊያው መንሸራተቱን የሚያውቀው ሦስት ሜትር ከራቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ነው። መቅዘፊያው ካያኩን በሚነካበት ቦታ ላይ የካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሉበት፤ ያቺ ትንሽ «ቋ» የምትል ድምፅ ውኃ ላይ መቶ ሜትር ትሄዳለች። ሦስተኛው መልሕቅ ነው፦ ሁለት ኪሎ ያህል ድንጋይ በጨርቅ ከረጢት፣ ስድስት ሜትር ገመድ። የዳርቻው ውኃ ጥልቅ ስላልሆነ ይበቃል። ገመዱን ቋጠሮው ቶሎ በሚፈታ አስተሳሰር እሰሩት፤ ለምን እንደሆነ ጉማሬው ጋ ስንደርስ ትረዱታላችሁ። ላይፍ ጃኬት መልበስን ከእነዚህ ጋር አልቆጠርሁትም፤ እሱ እንደ ሱሪ ነው።

ካሜራውን ከውኃ መጠበቅ

የ100-400 ወይም የ70-300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁን አቅርቦ ያሳያል። 600 የሚደርሰው ትልቁ ሌንስ ከካያክ ላይ ክንድ ያዝላል፤ የዛለ ክንድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስሌቱን ተመልከቱ፦ ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ የብርሃን መቀበያው 36 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ካሜራ ላይ፣ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ 20 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳያችሁ ወርድ 1.8 ሜትር ብቻ ነው። የዓሣ ንስር ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል። ማለት፣ በታንኳ 20 ሜትር ከተጠጋችሁ ሌንሳችሁ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ክንፉ ይቆረጥባችኋል።

ውኃ የማያስገባ ከረጢት ከሌላችሁ ጠበቅ ያለ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ገዝታችሁ እጠቡት፤ ከውስጡ ፎጣ አንጥፉ። ባልዲው ቢወድቅ ይንሳፈፋል፤ ውድ የካሜራ ቦርሳ ግን ይሰምጣል። ክዳኑን ውኃ ላይ ሆናችሁ በአንድ እጅ መክፈትና መዝጋት እስክትለምዱ ድረስ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ሌንስ ውኃ ላይ አትቀይሩ። ተጨማሪ ባትሪና ካርድ በደረት ኪስ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሁን።

የካሜራው ማንገቻ አንገት ላይ ይግባ እንጂ ትከሻ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ካሜራው ውኃ ውስጥ ከገባ አታብሩት፤ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ማየት ነው የሚገድለው። ባትሪውንና ካርዱን አውጡ፣ ክፍት ክፍቱን ከፍታችሁ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት፤ ከዚያም ለጠጋኝ ውሰዱት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ከአቧራው በቀር ብዙም አይጨምርለትም። ጣና ጨው አልባ ውኃ መሆኑ ዕድላችሁ ነው፤ የባሕር ውኃ ቢሆን ተስፋ አይኖረውም ነበር።

አቀራረብ

ሥራው እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ወፉን ከሩቅ ስታዩ ወዲያውኑ አትቅዘፉ። ተቀመጡና ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ወፉ ምን እየሠራ ነው። ወፍ ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ስለዚህ ነፋሱም ፀሐይዋም ከጀርባችሁ የሚሆኑበትን ቦታ ካገኛችሁ ወፉ ሲነሣ ወደ እናንተ ዞሮ፣ ፊቱ በርቶ ይነሣል። እኔ ያን ዓመት ሁሉ የወፍ ጀርባ ያነሣሁት ይህን ስለማላውቅ ነው፤ በነፋሱ ፊት ለፊት እየቆምሁ ለወፉ መሸሻ አቅጣጫ እሰጠው ነበር።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ረጅም ዙር ዞራችሁ በነፋሱ በላይ በኩል ግቡ። በቀጥታ ወደ ወፉ አትቅዘፉ፤ በአጠገቡ አልፋችሁ የምትሄዱ ይመስል ወደ ጎን አነጣጥሩ። ቀኝ እጃችሁ የሚቀናችሁ ከሆነ ወፉ ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ግራ እንዲሆን አድርጉ። ካያክ ላይ ተቀምጦ ካሜራ ይዞ ወደ ግራ መዞር ቀላል ነው፤ ወደ ቀኝ መዞር ግን ወገብን ጠምዝዞ ሚዛን ያሳጣል። እኔ ሁለቱንም ጊዜ የወደቅሁት ወደ ቀኝ ነው።

50 ሜትር ሲቀር መቅዘፊያውን ዝቅ አድርጉ። ክንዳችሁ ከደረታችሁ በላይ አይውጣ፤ የመቅዘፊያው ጫፍ ወደ ሰማይ ሲወጣና ውኃ እያንጠባጠበ ሲያብረቀርቅ ወፉ የሚያየው እሱን ነው። 30 ሜትር ላይ መቅዘፍ አቁሙና ነፋሱ ይግፋችሁ። አሁን ካሜራውን አንሡ፤ ወፉ ቀና እስኪል ድረስ አትጠብቁ። አንድ ጊዜ ዓይናችሁ ላይ ካደረጋችሁት አታውርዱት። ከዚህ በኋላ በወፉና በእናንተ መካከል የሚንቀሳቀስ ነገር አመልካች ጣታችሁ ብቻ ይሁን። ታንኳ ላይ ከሆናችሁ ከባለታንኳው ጋር ቀድማችሁ በምልክት ተስማሙ። እኛ በእግር ነው የምንግባባው፦ አንድ ጊዜ ስመታ ያቆማል፣ ሁለት ጊዜ ስመታ ወደ ኋላ ይመልሰኛል።

ወፉ መረበሹን ከመብረሩ በፊት ይነግራችኋል። መልቀም ያቆማል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ላባውን ከገላው ጋር ያጣብቃል። ዝም ብላችሁ ጠብቁት፤ ወደ መልቀሙ ከተመለሰ ፈቀደላችሁ ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ካጠፈ ወይም ትላልቆቹ ወፎች እንደሚያደርጉት ነጭ ኩሱን ጨርር አድርጎ ከለቀቀ ሊነሣ ነው፤ በዚህች ቅጽበት ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ። የሚያምረው የመነሣት ፎቶ የሚገኘው ኩሱን በማየት ነው ብል ማንም አያምነኝም።

በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ጎጆ ካያችሁ ግን ተመለሱ። ቅጠል ላይ የምትራመደው ረጅም ጣት ያላት ወፍ፣ ጃካና የሚሏት፣ እንቁላሏን የምትጥለው ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ነው፤ ከካያኩ የሚነሣ ትንሽ ማዕበል ሊያሰጥመው ይችላል። የሚያቅፈው ደግሞ ወንዱ ነው። እናንተ ስታባርሩት የሚተካው ሚስት የለችውም፤ እሷ ሌላ ባል ልትፈልግ ሄዳለች።

የካሜራው አሠራር

ከየብስ የለመዳችሁትን የሹተር ፍጥነት፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ እጥፍ አድርጉት። ጀልባው ይወዛወዛል፣ እናንተ ትተነፍሳላችሁ፣ ወፉ ይንቀሳቀሳል። ለተቀመጠ ወፍ ከ1/1000 ሰከንድ፣ ለሚበር ከ1/2000 በታች አትውረዱ። ፀሐይዋ ከአድማስ አንድ ስንዝር ከፍ ስትል እኔ የምነሣበት ቁጥር ሹተሩ 1/2000፣ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 6.3፣ የካሜራው የብርሃን ንቃት አይኤስኦ 800 ነው፤ ከዚያ እንደ ብርሃኑ አስተካክላለሁ። ከፀሐይ መውጫ በፊት ከሆነ አይኤስኦውን እስከ 3200 ልቀቁት። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይታረማል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ አይታረምም።

ፎከሱን ተከታታይ አድርጉ፤ አንዲት የፎከስ ነጥብ መርጣችሁ ዓይኑ ላይ አሳርፉ። ካሜራችሁ የእንስሳ ዓይን የሚለይ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ሸምበቆ መካከል ግን አትመኑት፤ ወፉን ትቶ ሸምበቆውን ይወዳል።

ስለ ብርሃን ልኬት የሠርግ አንሺ ምክር ልስጣችሁ። ነጭ ፔሊካን ማለት ቬሎ ነው፤ ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ፣ ኮርሞራንት የሚባለው፣ ሱፍ ነው። ጨለም ባለ ውኃ ላይ የተቀመጠ ፔሊካንን ካሜራው በራሱ ካነሣው ቬሎው ይቃጠላል፤ የላባው መስመር ይጠፋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቁልፍ ወደ −1 አውርዱት። በሚያብረቀርቅ ውኃ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚደርቀውን ጥቁር ወፍ ደግሞ ወደ +1 አውጡት፤ አለበለዚያ ሱፉ ከነሰውየው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉን በራው፣ ማለት ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ዓይነት፣ አንሡ።

ካሜራ የሚቆምበት ባለሦስት እግር መያዣ አያስፈልግም። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ክርኖቻችሁን በላዩ አሳርፉ፤ ትንፋሻችሁን አውጡና ማዕበሉ ካያኩን ከፍ አድርጎ ሊያወርደው ሲል፣ በዚያች ለአፍታ በሚቆምባት ጊዜ ተኩሱ። የአድማሱ መስመር እንዳይዘም በሌንሱ ውስጥ የሚታየውን ደረጃ መለኪያ አብሩት።

አንዳንድ ወፎች

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉሩን ዓሣ አዳኝ ነው። ከርግብ ያነሰ፣ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ወፍ ነው። ከውኃው በላይ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆማል፤ ምንቃሩን ቁልቁል አድርጎ ያነጣጥራል። ያን ጊዜ ለአምስት ስድስት ሰከንድ ያህል አንድ ቦታ ነው፤ ለፎቶ አንሺ ይህ ስጦታ ነው። 1/2500 ሰከንድ አድርጉና አርገብግቦ ሲቆም ፎከስ ያዙ። ሲወረወር ለመከተል አትሞክሩ፤ ዓሣውን ይዞ ወደ ተነሣበት ግንድ ስለሚመለስ ሌንሱን ግንዱ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። እዚያ ተቀምጦ ዓሣውን ግራና ቀኝ ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል፤ ከሞተለት በኋላ በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል። እስከ 8 ሜትር ድረስ መጠጋት ይቻላል።

የዓሣ ንስር ማለዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ያን ፎቶ ከፈለጋችሁ አንዱ ሲጮኽ ሁለተኛው እንደሚመልስ አስታውሱና ሌንሱን ዝም ባለው ላይ አድርጉ።

ፔሊካኖች በቡድን ሲያጠምዱ ተሰልፈው ዓሣውን ከበው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። ሲነክሩ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀና ሲሉ ከከረጢታቸው ውኃ ሲወርድ አንሡ። ዓሣ በሚበለትበት ዳርቻ አካባቢም ያንዣብባሉ፤ እዚያ አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ትልቅ ወፍም ሊቀላቀላችሁ ይችላል። አባ ኮዳን ከቅርብ አንሥታችሁ ለሰው ስታሳዩ ማንም እንዲያመሰግናችሁ አትጠብቁ።

ጋጋኖ ግን አይነሣልኝም። ከመጮኹ በፊት አይታይም፤ ሲጮኽ ደግሞ ከእነጓደኞቹ በሮ ሄዷል።

ጉማሬና ሌሎች አደጋዎች

ጉማሬ ሌሊት የብስ ላይ ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ልክ እናንተ ጀልባ በምትገፉበት ሰዓት ማለት ነው። ሣር ውስጥ ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ፣ የተረገጠ መንገድ ካያችሁ ከዚያ ቦታ አትነሡ። ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ውኃ ስለሆነ በእሱና በጥልቁ መካከል አትግቡ። ቢያንስ ከመቶ ሜትር በላይ ራቁ፤ ብቅ ብሎ የነበረ ጉማሬ ከጠለቀ ደግሞ የት እንደሚወጣ አይታወቅምና ፎቶውን ትታችሁ ወደ ጥልቀት የለሹ ዳርቻ ቅዘፉ። የመልሕቁ ገመድ አንዴ ሲሳብ መፈታት ያለበት ለዚህ ነው።

ሸምበቆ ጥግ ለጥግ ስትሄዱ በየጊዜው የካያኩን ጎን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ። ጉማሬው ሰምቶ ራሱን እንዲያሳይ ነው፤ ሳያውቅ የተደረሰበት ጉማሬ ነው ክፉው። ለወፍ ዝም፣ ለጉማሬ ድምፅ፤ ሁለቱ አይታረቁም። እኔ አዲስ ቦታ ስገባ መጀመሪያ እየመታሁ አንድ ዙር እዞራለሁ፤ ወፎቹ ይበራሉ። ከዚያ ተቀምጬ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

እንቦጭ ካያችሁ ዙሩት እንጂ አትሰንጥቁት። ከሩቅ ስስ ይመስላል፤ መካከሉ ከገባችሁ መቅዘፊያው ይያዛል፣ ነፋሱም ቅጠሉን ከኋላችሁ ይገጥመዋል። የላስቲክ ዕቃ ወይም የፎም ቁራጭ ተንሳፍፎ ካያችሁ ደግሞ ሥሩ መረብ አለ።

ቢልሃርዝያን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ትሉ ቆዳን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ነው፤ መዋኘት አያስፈልግም፣ ጀልባ ለመግፋት እግር መንከር ይበቃል። ትሉ ከሚያድርበት ቀንድ አውጣ ወደ ውኃው በብዛት የሚወጣው በቀትር ነው፤ በጠዋት ጨርሶ መውጣት ለዚህም ይረዳል። ዳርቻውን በቦቲ ጫማ አልፋችሁ ጀልባው ላይ አውልቁት፤ ውኃ የሞላ ቦቲ ለወደቀ ሰው ድንጋይ ነው። እርጥብ እግራችሁን ወዲያው በፎጣ ፈግፍጉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ፤ ከተገኘባችሁ መድኃኒቱ ፕራዚኳንትል ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ካያኩን ዳር ላይ ገልብጣችሁ ጥላ ሥር አድርቁ፤ የእንቦጭ ቁራጭ አለመኖሩን ሥሩንም ገመዱንም ፈትሹ፤ አንዲት ቅጠል ሌላ ውኃ ውስጥ ከገባች ትበቃለች። ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ማታ ቦርሳው ክፍት ይደር። ፎቶዎቹን ያኑ ማታ አትሰርዙ። እኔ በድካም ሰርዤ በማግስቱ የተቆጨሁባቸው አሉ። ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ ዓይኑ ላይ ፎከስ የሌለውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ አጥፉ፤ ከስድስት መቶ ስምንት ቢቀራችሁ ጥሩ ቀን ነበር።

ለቀዘፈላችሁ ሰው አንድ ፎቶ አሳትማችሁ ውሰዱለት። ለእኒያ ሽማግሌ የወሰድሁላቸው የዓሣ ንስሩን ነበር፤ ክንፉ እንደተዘረጋ፣ ጥፍሩ ውኃውን ሊነካ ሲል። ብዙ ደክሜበታለሁና እስኪያደንቁ ድረስ ጠበቅሁ። ፎቶውን ቀረብ አድርገው፣ ከዚያ ራቅ አድርገው አዩት፤ በጣታቸው ከንስሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ነጭ ነገር ነኩና «መረቤ ያለበትን ለሰው ሁሉ አሳየህብኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ተንሳፋፊውን እቆርጠዋለሁ።